ማን ያንብበው? የዳዊት ኅዳግ፣ የርስት ወረቀትና የአያት ደብዳቤ፦ ለሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከመርሐቤቴ እስከ ይፋት፣ የአንድ ቤተሰብ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ሣጥን ተጠቅልሎ ይገኛል። ማሕደር ውስጥ ያለ ዳዊት፣ በዳዊቱ ቅጠሎች መካከል የታጠፈ የኑዛዜ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ፣ በኮፒያ እርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁሉንም ጠቅልሎ «ያነብልናል» ለተባለ አንድ ሰው ከመስጠት ነው። ዳዊቱን እንደ ውኃ የሚያወርዱት መሪጌታ የችሎት ጸሐፊ የጫረውን ውሳኔ ሲይዙ ይደናቀፋሉ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ በዳዊቱ ኅዳግ (በገጹ ጠርዝ) ላይ «አመ ፳ወ፫ ለየካቲት» የሚል ሲያይ ቀኑን ለቃቅሞ ዘመኑን ይስታል። አንባቢ የሚመረጠው በጽሕፈቱ ዓይነት እንጂ በሰውዬው ማዕረግ አይደለም።

በእጃችሁ ያለው የትኛው ነው?

ቁም ጽሕፈት የሚባለው ብራና ላይ በመቃ ብዕር የተጻፈው ነው። ፊደሉ አንድ በአንድ ይቆማል፣ ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያል፣ የቅዱሳን ስምና የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይገባል። ስላረጀና ግእዝ ስለሆነ ከሁሉ የሚከብድ ይመስላል እንጂ ለዓይን ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ችግሩ ለቤተሰብ ታሪክ የሚሆን ነገር የሚሰጠው ጥቂት መሆኑ ነው፦ ያስጻፈው ሰው፣ የጸሐፊው ስም፣ አንዳንዴም ዘመኑ።

ሀብቱ ያለው በኅዳጉና በባዶ ቅጠሎቹ ላይ ነው። ልደት፣ ሞት፣ ብድር፣ የመሬት ሽያጭ፣ የዋስ ስም እዚያ ይገኛል። ግማሹ ግእዝ ግማሹ አማርኛ ነው፤ የጻፈው እጅም ሌላ ነው። የመጽሐፉን አካል የጻፈውና ኅዳጉን የሞላው አንድ ሰው ነው ብላችሁ አትነሡ፤ በመካከላቸው ሁለት ትውልድ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ፈጣን የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ደብዳቤ፣ ኑዛዜ፣ ውል። ሁለት ነጥቡ ይቀራል፣ ፊደሎቹ ይያያዛሉ፣ እርባታው ይንሸራተታል። አራተኛው የቢሮ ወረቀት ነው፤ ግማሹ የታተመ ቅጽ፣ ግማሹ የእጅ ሙሌት፣ በላዩ ማኅተምና ቴምብር ያረፈበት።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት። ለማንም ከመስጠታችሁ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡ፤ አነሣሡን ከታች እናየዋለን። ዋናው ሰነድ ከቤት ወጥቶ ሳይመለስ የቀረበት ቤተሰብ በየወረዳው አለ። መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ያለ አስተዳዳሪውና ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ከዕቃ ቤት አይነካም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ስለዚህ የሚለው አለው።

ራሳችሁ ብታነቡትስ?

ለቁም ጽሕፈትና ለንጹሕ ኅዳግ ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ ይህ ነው፤ ሰው ከሚገምተው በታች ጊዜ ይወስዳል። የታተመ ዳዊት ከብራናው አጠገብ ዘርጉና መዝሙር 1 ላይ ጀምሩ፦ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን»። ቃሉ የታወቀ ስለሆነ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ፤ የምትማሩት ያ ጸሐፊ ፊደሉን እንዴት እንደሚሠራ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የፊደል ገበታ ስሩና እያንዳንዱን ፊደል ከብራናው እንዳለ ቅዱ። ከአምስት መዝሙር በኋላ ገበታው ግማሽ በግማሽ ይሞላል።

ኅዳጉ ሌላ እጅ ስለሆነ ሌላ ገበታ ይፈልጋል። እዚህ ቁልፉ የተለመደው ቀመር ነው። ብዙ መጽሐፍ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» የሚል የውግዘት ቃል ታገኛላችሁ። ይህ አንድ መስመር ብቻውን ከሃያ በላይ የፊደል ቅርጾችን በዚያ እጅ ያሳያችኋል፤ ዘ፣ ሰ፣ ረ፣ ቆ፣ ፈ፣ ሐ፣ ሥ፣ ጣ፣ ጴ፣ ጥ፣ ሮ፣ ጳ፣ ጉ፣ ይ፣ ኩ እያላችሁ ለቅማችሁ ገበታው ላይ አስፍሩ። ደብዳቤ ከሆነ «ይድረስ ለ…»፣ «እንዴት ሰንብተሃል»፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከቀመሩ ጀምሩ፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ተዉት። የሚያጓጓው ስሙ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከእሱ ይጀምራል፣ ስሙን በምኞት ያነባል፣ ከዚያ ቀሪውን ሁሉ ለዚያ ምኞት ያስገዛዋል።

ዓይን የሚያሳስቱት ፊደሎች ብዙ አይደሉም። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ፣ ጠ የሚለዩት በላይ ባለች ጭረት ነው። ጭረቷ ቀጭን ስለሆነች ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት፤ አንዳንድ ጸሐፊም ጭራሹን አይጥላትም። ካዕብና ሣልስ (እንደ ሉ እና ሊ) የሚለዩት ምልክቱ በወገብ ወይም በእግር በመሆኑ ነው፤ በፈጣን እጅ መካከል ላይ ይቆማል። ቃል በመስመር መጨረሻ ሲሰበር ምንም ምልክት የለውም፤ «ዓለሚ» ብሎ ሲያልቅ ወንድ ከመሰላችሁ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ «ቱ» እንዳለች እዩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በስም ላይ ያለ ሥርዓት ስለሚለዋወጡ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ኃይሌም ሀይሌም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው አታድርጉት።

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያላት አንዲት ልዩነት አለች፤ ወልደ እና ወለተ። በመንዝና በአካባቢው የርስት መብት ከአቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው) የሚቆጠረው በአባትም በእናትም በኩል ነበርና በዘር ቆጠራው መካከል ያለችው «ወለተ ጊዮርጊስ» ወደ «ወልደ ጊዮርጊስ» ከተቀየረች ሐረጉ በሙሉ ወደ ሌላ ቤት ይዞራል። በደበዘዘ ብራና ላይ ልዩነቱ ያለው በሁለት ትናንሽ ቦታ ነው፦ ሁለተኛው ፊደል ለ ነው ወይስ ል፣ ሦስተኛው ተ ነው ወይስ ደ። ሁለቱም ካልለዩ ስሙን ትታችሁ ግሡን ተመልከቱ። «ተወልደ» ካለ ወንድ፣ «ተወልደት» ካለ ሴት፤ በአማርኛ ከሆነም «ተወለደ» እና «ተወለደች»። ለሞትም «ሞተ»፣ «ሞተች»። ግሡ ከስሙ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ራስን ማስተማር የሚሰንፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ግእዙ ረዘም ያለ ሐሳብ ሲያስተላልፍና ጽሕፈቱ ፈጣን ሲሆን። እዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

መሪጌታ፣ ደብተራ፣ የቅኔ መምህር

ለኅዳግ ማስታወሻና ለግእዝ ክፍል ወደር የላቸውም። «በሚካኤል ዕለት» ሲል 12፣ «በኪዳነ ምሕረት» ሲል 16፣ «በማርያም» ሲል 21፣ «በመድኃኔ ዓለም» ሲል 27 መሆኑን ሳያስቡ ይነግሯችኋል። ዘመነ ወንጌላዊውን (ዓመቱ የሚሰየምበትን ወንጌላዊ)፣ የባሕረ ሐሳቡን አበቅቴና መጥቅዕ አስልተው የተጠራጠራችሁበትን ዓመት ይቆርጡላችኋል። ይህን ሌላ ማንም አይሰጣችሁም።

ድክመታቸው የሚወለደው ከጥንካሬያቸው ነው። መጽሐፉን በቃላቸው የያዙ ሰው የቃሉን መጀመሪያ አይተው ቀሪውን ከልባቸው ያወጣሉ። ለመዝሙር ይህ ችግር የለውም፤ ለስም ግን አደገኛ ነው። «ኃይለ መስቀል» ላይ «ኃይለ» ካሉ በኋላ የለመዱት «ኃይለ ማርያም» ወይም «ኃይለ ሚካኤል» ቀድሞ አፋቸው ላይ ይመጣል፤ ሦስቱም በመ ቤት ይጀምራሉ። በግእዝ ሰዋስው የተሳሳተ ማስታወሻ ሲገጥማቸውም እያረሙ ያነባሉ። እርማቱ ትክክል ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን የተጻፈውን ነው።

ስለዚህ ስትጠይቁ «የኔታ፣ ቢሳሳትም ሳያርሙ ፊደሉን እንዳለ ይንገሩኝ» በሉ። እሳቸው ሲሉ እናንተ ጻፉ፤ ከጨረሱ በኋላ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። የሰው ስምና የቦታ ስም ላይ ሲደርሱ ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል እንዲሉት ጠይቁ። ጥያቄው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ልማድ ከኋላ ወደ ፊት አይሄድም። ክፍያውን በመጽሐፍ ሳይሆን በገጽ ተነጋገሩ፤ የትኛዎቹ ገጾች እንደሆኑም ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ሙሉው ውዳሴ ማርያም ተነብቦላችሁ ኅዳጉ ለሌላ ቀን ይቀራል።

ማመልከቻ ጸሐፊና የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ደብረ ብርሃን፣ ዓለም ከተማ ወይም ሞላሌ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ከሚጽፉት መካከል በዕድሜ የገፉት፣ ከዚያም በላይ በችሎት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡት፣ ለወረቀት ጽሕፈት የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው። ፈጣኑን እጅ የሚያነቡት ራሳቸው ስለጻፉት ነው። «ይግባኝ ባይ»፣ «መልስ ሰጭ»፣ «ተፈርዷል» የሚለው በምን ዓይነት ጥምልምል እንደሚወጣ ዓይናቸው ያውቃል። ምሕጻረ ቃሉንም ይፈቱታል፤ ደጃች፣ ፊታ፣ ቀኝ፣ ግራ የማዕረግ ስም እንጂ የሰው ስም ወይም የአቅጣጫ ቃል አለመሆኑ ለእነሱ ግልጽ ነው።

የማይችሉት ነገር ወ/ን መዘርዘር ነው። ወ/ጊዮርጊስ ወልደ ነው ወይስ ወለተ? ተ/ ደግሞ ተክለ ነው ወይስ ተስፋ? ጸሐፊው በልማዱ «ወልደ» ይልላችኋል። ይህን ከወረቀቱ ከሌላ ቦታ፣ ከግሡ ወይም ሙሉው ስም ከተጻፈበት ሌላ ሰነድ እስክታገኙ ድረስ ሳትዘረዝሩ ወ/ ብላችሁ ተዉት።

በመሬት ውል ላይ አንድ ነገር እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ፤ አዋሳኞቹን። «በምሥራቅ… በምዕራብ… በሰሜን… በደቡብ» ብሎ የሚዘረዝረው ክፍል የአራት ጎረቤት ስም ይሰጣል፤ ጎረቤት ደግሞ በሸዋ ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው። ያልተነበበ ስም በአንዱ ውል ላይ ደብዝዞ በሌላው አዋሳኝ ሆኖ ጎልቶ ይወጣል። መጠኑ በጋሻ ከተጻፈ 1 ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው፤ አንድ ገበሬ 12 ጋሻ ያዘ የሚል ንባብ ካገኛችሁ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት።

የቆየ የፍርድ ወረቀት የአውራጃ ስም ይይዛል፤ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ። የዛሬውን ወረዳ ስም ስትፈልጉ አታገኙትም፤ በአውራጃው ስም ፈልጉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ እነዚህ ወረቀቶች መሬት አያስመልሱም፤ ብዙው ቤተሰብም ያን ጊዜ ጣላቸው ወይም ቀበራቸው። ለዘር ቆጠራ ግን ያን ያህል ስምና ዝምድና በአንድ ገጽ የያዘ ሌላ ነገር የለም።

የቤተሰብ ሽማግሌ

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ግን ይህ ነው። ሽማግሌው ጽሕፈቱን ላያነቡ ይችላሉ፤ ስሞቹን፣ ቦታዎቹንና ማን የማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ። ችግሩ በሐረጉ ውስጥ እሳቸውም መኖራቸው ነው። አቅኚ አባት ማን እንደሆነ ለዓመታት ሲከራከሩ የኖሩ አባት ደብዛዛ ስም ሲታያቸው የራሳቸውን አያት ያዩበታል። ክፋት የለበትም፤ ሰው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አታሳዩአቸው፤ ያልተቆረጠውን አማራጭ ብቻ አቅርቡ። «አያ እገሌ ነው አይደለም?» ሳይሆን «ደረሰ ወይስ ደሳለኝ የሚባል በጌራ ምድር ያውቃሉ?» ብላችሁ ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ጥሩ። የቦታ ስም ላይ ግን ያለ ገደብ እመኑአቸው። የጎጥና የወንዝ ስም በካርታ አይገኝም፤ መንዝ ውስጥ «ምድር» የሚለውን ቃል ማማ፣ ላሎ ወይም ጌራ ላይ የሚያያይዘው ያገሩ ሰው ነው። ዘመንንም በድርጊት ያስታውሳሉ፦ «ከሰገሌ በኋላ በሦስተኛው ዓመት» ካሉ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ስለሆነ 1912 አካባቢ ትሆናላችሁ። «የኅዳር በሽታ» 1911፣ ማይጨው 1928 ነው። «ክፉ ቀን» ግን ከ1880 እስከ 1884 የቆየ ስለሆነ አንድ ዓመት አይሰጣችሁም።

ማይክሮፊልም

አንዳንዴ መጠየቅ ያለበት ሰው ሳይሆን የቆየ ፎቶ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ብዙ ተነሥቷል። ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል። ካታሎጉን ካዘጋጁት ዋናው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ካታሎጉ የመጽሐፉን ባለቤትና በኅዳጉ ያሉትን ማስታወሻዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጠቅስ ፊልሙን ከማየት በፊት እሱን መፈለግ ሥራ ይቀንሳል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተነሣው ገጽ ዛሬ ውኃ የነካው፣ ጠርዙ የተቆረጠው ወይም ባለቤት ሲቀየር ስሙ የተፋቀው ሊሆን ይችላል። ጉዳቱም አለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩን ከጥቁሩ አትለዩም፤ የተፋቀ ስም ላይ በኋላ የተጻፈውን ቀይ ስም የመጀመሪያው መስሏችሁ ትቀበላላችሁ። በየቤቱ ያለ ዳዊት ደግሞ እዚያ አይገኝም፤ የተነሣው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። የመንግሥት ወረቀት ከሆነ የሚፈለገው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሶፍትዌር

በአጭሩ፦ ለቁም ጽሕፈት ይረዳል፣ ለኅዳግ ይሰንፋል፣ ለደብዳቤ አትሞክሩት። ትራንስክሪበስ የሚባለው መሣሪያ በግእዝ የብራና ጽሕፈት የሠለጠነ ሞዴል አለው፤ ንጹሕ በሆነ ቁም ጽሕፈት ላይ የሚያርመው ሰው ካለ ጊዜ ይቆጥባል። ግን የቁም ጽሕፈቱ አካል መዝሙረ ዳዊት ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን ማንም ሰው በታተመ መጽሐፍ ያገኘዋል። እናንተ የምትፈልጉት ሦስት መስመር ኅዳግ ላይ ነው ያለው። ጉግል ሌንስና መሰሎቹ ለታተመ አማርኛ የተሠሩ ናቸው፤ የእጅ ጽሕፈት ስትሰጧቸው ባዶ ከመመለስ ይልቅ ትርጉም ያለው የሚመስል ቃል ይፈጥራሉ፤ ይህ ከአለማንበብ ይከፋል።

ፎቶው

የትኛውንም አንባቢ ብትመርጡ ፎቶው ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። የኤ4 ወረቀትን በ300 ነጥብ በኢንች ለመያዝ 9 ሜጋፒክሰል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ 12 ሜጋፒክሰል ያለው ስልክ ገጹ ፍሬሙን እስከ ሞላ ድረስ ከስካነር አያንስም፤ ትንሽ የዳዊት ገጽ ከሆነማ ይተርፈዋል። ብራናን በስካነር ላይ ተጭናችሁ አትደፍጥጡ፤ ጥራዙ ይለቃል።

ብርሃኑ የበጋ ጠዋት ከበር ደጃፍ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ቀጥታ ሳያርፍበት ይሁን። ፍላሽ አይበራ። የተፋቀ ወይም የተጫረ ነገር ካለ ሁለተኛ ፎቶ በጨለማ ክፍል፣ በባትሪ መብራት፣ ብርሃኑን ከገጹ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አንሡ፤ መቃው ያረፈበት ጉድጓድ ጥላ ይጥላል። በአንድ አቅጣጫ ካልታየ በሌላኛው ይታያል፤ ከአራቱም ጎን አንሡ። ብራናን በውኃ ወይም በምራቅ አታርጥቡ፤ ባህላዊው ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ስለሆነ አይደበዝዝም፣ ግን ይታጠባል። በዚሁ ምክንያት ጥቁር ጽሕፈትን ለማጉላት ተብሎ የሚሸጠው የአልትራቫዮሌት መብራት ለብራናችን ብዙም አይፈይድም፤ እሱ የሚረዳው በብረትና በሐሞት የተሠራ የአውሮፓ ቀለም ላይ ነው። የኮፒያ እርሳስ ጽሕፈት ደግሞ እርጥበት ሲነካው ሐምራዊ ሆኖ ይፈሳል፤ ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጡት።

በስልኩ ማስተካከያ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ያለበትን ገጽ በቀይ ቀለም ማጣሪያ ስታዩት እድፉ ይቀንሳል፣ ጥቁሩ ይቀራል። የደበዘዘ ቀይ ጽሕፈት ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ በአረንጓዴ ማጣሪያ ቀዩ ይጠቁራል። ካምስካነርና መሰል መተግበሪያዎች ገጹን «ነጭና ጥቁር» ሲያደርጉት የሚያምር ይመስላል፤ በዚያው ግን የቸና የኘ ጭረት፣ የሣልስ እግር ሁሉ ይጠፋል። ያልተነካውን ዋና ፎቶ ሁልጊዜ አስቀሩ። ለአንባቢው በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ የሚጨመቀውም ያችው ጭረት ናት።

ቁጥሩን ማስመስከር

ስም ሲሳሳት ሰው ይከራከራል፤ ቁጥር ሲሳሳት ማንም አያይም። በግእዝ ቁጥር ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ። ኅዳግ ላይ «፲፰፻፹» ካለ በኋላ ያለው ፮ ይሁን ፯ አልለይ ካለ፣ ማለትም 1886 ወይም 1887፣ አጠገቡ የተጻፈውን ዘመነ ወንጌላዊ ፈልጉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 1886 ማርቆስ፣ 1887 ሉቃስ። «በዘመነ ማርቆስ» ካለ ነገሩ አለቀ።

ዘመኑ በዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው) ከተጻፈ 5500 ቀንሱ፤ ፸፻፫፻፹፮ ወይም ፸፫፻፹፮ የሚለው 7386 ነውና 1886 ይሆናል። በዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ጨምሩ።

ወንጌላዊው ካልተጻፈና ዕለቱ ብቻ ከተጻፈም ይቻላል። ዓመተ ዓለሙን (ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር 5500) ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪውን ጣሉ፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው። ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሩና ለ7 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። ከዚያ ያለፈውን እያንዳንዱን ወር 2 ብላችሁ ቁጠሩ፣ ቀኑን ጨምሩ፣ 1 ቀንሱ፣ ለ7 አካፍሉና የቀረውን ያህል ዕለት ወደ ፊት ሂዱ። በሚታወቅ ቀን ሞክሩት፦ የካቲት 23 ቀን 1888። 7388 ሲደመር 1847 እኩል 9235፣ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ መስከረም 1 ረቡዕ። አምስት ወር ያለፈ 10፣ ሲደመር 23፣ ሲቀነስ 1፣ 32፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። ከረቡዕ አራት ወደ ፊት እሑድ፤ ዓድዋም እሑድ ነው የተዋጋው። በዚሁ ስሌት የካቲት 23 በ1886 ሐሙስ፣ በ1887 ዓርብ ይውላል፤ ኅዳጉ «በዕለተ ዓርብ» ካለ ቁጥሩ ፯ ነው።

ወንጌላዊውም ዕለቱም ኖረው ሁለቱ ካልተስማሙ ያነበባችሁት አንዱ ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚስተው ዓመቱ ነው፤ ዕለቱንና ወንጌላዊውን ጸሐፊው በቃል ነው የጻፈው፣ ቃል ከቁጥር ይልቅ ይነበባል።

ቅጂው

ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ፣ ሰው አንዱን መምረጥ አለበት ብሎ ያስባል። እንዳለ ቅጂ ማለት ሠውን ሠ፣ ኀውን ኀ፣ ስሕተቱን ስሕተት አድርጎ መስመር በመስመር መቅዳት ነው። የተስተካከለ ቅጂ ደግሞ በዛሬ አጻጻፍ። አንዱን ብቻ መሥራት ካለባችሁ እንዳለውን ሥሩ፤ ከእሱ የተስተካከለውን ማውጣት ይቻላል፣ ከተስተካከለው ወደ ኋላ መመለስ ግን አይቻልም። የተጠራጠራችሁትን ፊደል በቅንፍ አድርጉ፦ ወለ[ተ]። የጠፋውን በነጥብ፣ የገመታችሁትን የፊደል ብዛት በቁጥር። በስልክ ወይም በኮምፒውተር መፈለግ ካሰባችሁ ከስር ሦስተኛ መስመር ጨምሩ፤ ሐን፣ ኀን፣ እንዲሁም ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይራችሁ፤ አለዚያ «ኃይሌ»ን ስትፈልጉ «ሀይሌ» አይወጣም።

መሪጌታውና የመዝገብ ቤቱ ሰው አንድን ስም በተለያየ መንገድ ካነበቡት ሁለቱንም ከነአንባቢያቸው፣ ከነቀኑ ጻፉና ፎቶውን ለሦስተኛ ሰው ላኩ፤ የቀደሙት ምን እንዳሉ ግን አትንገሩት።